አክንባሎው ሥር ያለው መስታወት

«ሰላም እህቴ። ቤሩት ሰው ቤት ነው የምሠራው። ከመጣሁ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ወደቡ ሲፈነዳ እዚሁ ነበርኩ፤ የሳሎኑን መስታወት ሁለት ቀን ጠርጌ አልጨረስኩትም። በ2017 መስከረም ቦምቡ ሲበዛ ደግሞ አሠሪዎቼ ወደ ተራራው ወጡ። እኔን ‹ቤቱን ጠብቂ› ብለውኝ ሄዱ። አሁን ደህና ነኝ። ሌሊት ግን ህልም አያለሁ። አንዱ ይመላለስብኛል። እናቴ ጓዳ ቁጭ ብላ እንጀራ ትጋግራለች። አክንባሎውን ስታነሳው ምጣዱ ላይ ያለው መስታወት ነው። እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን የሆነ መስታወት። በሰፌድ ታወጣዋለች፣ አይሰበርም። ልጮህ እላለሁ፣ ድምፄ አይወጣም። ደስ የሚልም አያለሁ፤ አንዳንዴ የሰፈራችን ወንዝ የምተኛበት በረንዳ ድረስ ይመጣል። ትንሽ ደብተር ላይ እጽፈዋለሁ። ትምህርት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት፣ ግን ድርሰት ላይ ጎበዝ ነበርኩ። ታሪክ አድርጌ ልሠራው እፈልጋለሁ። ጓደኛዬ ‹ክፉ ህልም አይጻፍም፣ ትጠሪዋለሽ› ትለኛለች። እኔም ፈራሁ። ደግሞስ ሰው በሚያልቅበት ጊዜ ህልም ይዞ መቀመጥ ቅብጠት አይሆንም? ስሜ አይውጣ።»

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንደኛውን ለአንቺ እየሰጋሁ። ሁለተኛውን ቀስ ብዬ። ሦስተኛውን ግን እየቀናሁ ነው ያነበብኩት። ዓይን በዓይን የሆነ መስታወት! ስንት ዓመት ስጽፍ እንዲህ ያለ ነገር ከብዕሬ ወጥቶ አያውቅም።

ስለዚህ ሳላንዛዛ ልንገርሽ። ጻፊው። እያበድሽ አይደለም። እየጠራሽውም አይደለም።

ጓደኛሽን አትቀየሚያት። ያደገችበትን ነው የነገረችሽ፤ እኔም ያደግኩበት ነው። እኛ ቤት ጠዋት ተነስቶ «ህልም አየሁ» ያለ ሰው ገና ሳይጨርስ «ለበጎ ነው» ይባላል። ጥርሴ ወለቀ ካለ ሁሉም ዝም ይላል፤ በየልቡ የታመመ ዘመድ ይቆጥራል። «ህልም እንደ ፈቺው ነው» የሚባለውም ለዚህ ይመስለኛል። ለሚያከፋብሽ ሰው አትንገሪ ማለት ነው። እዚህ ላይ ከጓደኛሽ ጋር ነኝ። የመስታወቱን ህልም እሁድ ዶራ ሰፈር ለተሰበሰበ ሰው ሁሉ አታውሪው። አንዷ «እናትሽን ደውለሽ ጠይቂ» ትልሻለች፣ ሌላዋ «መስታወት ጠብ ነው» ትልሻለች። ከዚያ በኋላ ህልሙ የአንቺ መሆኑ ያበቃል። የእነሱ ፍቺ ብቻ ነው እጅሽ ላይ የሚቀረው።

መጻፍ ግን ሌላ ነው። ስትጽፊው ሳይፈታ ይቀመጥልሻል። ከሁሉም በላይ ልነግርሽ የምፈልገው ይህንን ነው፤ አትፍቺው። «ምን ማለት ይሆን?» አትበይ። «ምን ነበር?» በይ። ዮሴፍን አስቢው፣ ዩሱፍ የምትዪውም ከሆነ እሱው ነው። ተሸጦ ባዕድ አገር ሰው ቤት ያገለገለ፣ በእመቤቱ ክስ የታሰረ ልጅ ነው። እስር ቤት ሆኖ የሰው ህልም የፈታው ጸጋ ስለተሰጠው ነው። እኔና አንቺ ያ ጸጋ የለንም። ዓይንና እጅ ግን አለን።

ዓይንና እጅ ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ አንድ ሰው ልንገርሽ። አልብሬኽት ዱረር ይባላል፤ የጀርመን ሠዓሊ ነው፣ የኑረምበርግ ሰው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1525 ነው። በዚያ ዓመት የጀርመን ገበሬ አምፆ በየሜዳው በአሥር ሺዎች አልቋል። ቀደም ብሎም ኮከብ ቆጣሪዎች የጥፋት ውኃ ይመጣል እያሉ ሕዝቡን ሲያስጨንቁት ነው የከረሙት። ከበዓለ ሃምሳ በኋላ፣ ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ዱረር ህልም አየ። ከሰማይ ብዙ ውኃ ይወርዳል። የመጀመሪያው ከእሱ ራቅ ብሎ በታላቅ ድምፅ መሬቱን መታና አገሩን አሰጠመ። ነቃ። ሰውነቱ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለረጅም ጊዜም ወደ ራሱ አልተመለሰም።

ጠዋት ተነስቶ በውኃ ቀለም ሣለው። ከሥሩ ደግሞ ያየውን ጻፈ። ሥዕሉ ዛሬም ቪየና ሙዚየም ውስጥ አለ። እኔን የሚገርመኝ ጽሑፉ ነው። ምን ማለት እንደሆነ አንድ ቃል አልጻፈም። ውኃው ከእሱ ምን ያህል ርቆ እንደወደቀ፣ ከላይ ሲወርድ ለምን የዘገየ እንደመሰለ፣ ምን ዓይነት ነፋስና ድምፅ እንደነበረው ነው የጻፈው። እየተንቀጠቀጠ ርቀት ይለካል! በመጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጨመረ፦ እግዚአብሔር ሁሉን ነገር ለበጎ ያድርገው። አየሽ? የእናቶቻችን ቃል ነው። እሱም «ለበጎ ነው» አለ። ግን ከሣለው በኋላ ነው ያለው። አንቺም ጓደኛሽን እንዲህ አስታርቂያት፤ ጻፊና ከሥሩ «ለበጎ ያድርገው» ብለሽ ዝጊው።

ቅብጠት ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። ያንን መስታወት ሁለት ቀን የጠረግሽው ለሌላ ሰው ሳሎን ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ምሽት ወደቡ ላይ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት እንደነበር ዓለም ሁሉ አወቀ። ከ200 በላይ ሰው እንደሞተም ተነገረ። ማን መጥረጊያ ይዞ እንደተነሳ ግን ማን ጻፈው? ቀን የምትሠሪው ሁሉ የቤቱ ነው። የቤቱን ዕቃ ታጥቢያለሽ፣ የቤቱን ልጅ ታሳድጊያለሽ። ሌሊት ያየሽው ግን በማንም ኮንትራት ውስጥ የለም። እሱን መያዝ እንዴት ቅብጠት ይሆናል?

አሁን ወደ ሥራው። ጊዜ እንደሌለሽ አውቃለሁ። ማታ 5 ሰዓት ተኝተሽ ሌሊት 11 ሰዓት የምትነሺ ከሆነ ያለሽ ስድስት ሰዓት ነው፤ ከሱ ላይ ለጽሑፍ ብለሽ አንድ ደቂቃ አትቀንሺ። ህልም የሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል አለ፤ ዓይናችን ከቆቡ ሥር ቶሎ ቶሎ የሚንቀሳቀስበት። የቺካጎ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ነው ያገኙት። በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመጣል፣ ወደ ንጋት ሲጠጋ ይረዝማል። አንቺ ማንቂያው ሲጮህ የምትነሺው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ መሐል ተቆርጠሽ ይሆናል። ብዙ ህልም የምታስታውሺው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ደግሞ ቶሎ ይጠፋል። ተነስተሽ ቡና ጥደሽ፣ የልጁን ቦርሳ አዘጋጅተሽ እስክትመለሺ ድረስ አይጠብቅሽም።

ስለዚህ ስትነቂ አትገላበጪ። ዓይንሽን ሳትገልጪ የመጨረሻውን ነገር ያዢ። ከዚያ ወደ ኋላ፤ ከሱ በፊት ምን ነበር? ከዚያስ በፊት? ሦስት ቃል ይበቃል። «ሰፌድ፣ መስታወት፣ ድምፅ።» ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆነሽ ስልክሽ ላይ በሹክሹክታ ቅጂው። ቀን ሰሃን እያጠብሽ በልብሽ ታነሺዋለሽ፣ ታሺዋለሽ። ማታ ሁለት ሦስት መስመር ደብተሩ ላይ ታሰፍሪዋለሽ። እሁድ ፈቃድ ካለሽ ደግሞ ከሳምንቱ አንዱን መርጠሽ ሰፋ አድርጊው። ፈቃድ የሌለሽ ሳምንት ይዝለል። የተዘለለ ሳምንት ምንም አያበላሽም።

ደብተሩን ማዳም ካየችውስ ብለሽ እንደምትሰጊ ከአጻጻፍሽ ገምቻለሁ። እዚህ ላይ አንዲት ሴት አለችልሽ። ሻርሎተ ቤራት ትባላለች፤ በርሊን የኖረች አይሁዳዊት ጋዜጠኛ ነበረች። ሂትለር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 ሥልጣን ሲይዝ ሥራዋን እንዳትሠራ ከለከሏት። ምን አደረገች መሰለሽ? የሰው ህልም መሰብሰብ ጀመረች። ልብስ ሰፊዋን፣ ጎረቤቷን፣ ወተት አመላላሹን፣ ሐኪሙን፣ ሌሊት ምን እንዳዩ ትጠይቃለች። በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ 300 ገደማ ህልም አገኘች። ያኔ እንዲህ ያለ ወረቀት ቤት ውስጥ ቢገኝ አንገት ያስቆርጣል። ስለዚህ በምስጢር ቋንቋ ጻፈችው። የናዚ ፓርቲውን «ቤተሰቡ» አለችው። ሂትለርን «አጎቴ ሐንስ»። ሰው ታሰረ ለማለት «ጉንፋን ያዘው»። ወረቀቱን የመጻሕፍት ጀርባ ውስጥ ደበቀችው፣ ከዚያም ውጭ አገር ላሉ ወዳጆቿ በደብዳቤ በጥቂት በጥቂቱ ላከችው።

ከሰበሰበቻቸው አንዱ ከአእምሮዬ አይወጣም። አንድ የፋብሪካ ባለቤት ነው፤ ህልሙን ያየው ሂትለር ሥልጣን በያዘ በሦስተኛው ቀን ነው። የሂትለር የፕሮፓጋንዳ ሹም ጎብልስ ፋብሪካውን ሊጎበኝ ይመጣል። ሰውየው በሠራተኞቹ ፊት እጁን ለሰላምታ ሊያነሳ ይታገላል። ስንዝር በስንዝር ለማንሳት ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ጎብልስ በመጨረሻ «ሰላምታህን አልፈልገውም» ብሎት ሄደ። እጁ እንደተነሳ ቀረ። ጋዜጣ ያልጻፈውን ፍርሃት ያ እጅ ይናገራል። የአንቺም ሰፌድ እንደዚያ ነው።

ሻርሎተ በ1939 ከጀርመን ተሰደደች፤ በኋላም ኒው ዮርክ ገባች። እዚያ የሰው ፀጉር እየሠራች ኖረች። መጽሐፉ የወጣው በ1966 ነው፤ ከ27 ዓመት በኋላ። እና አትቸኩይ። አንቺም ማዳምን «አክስቴ»፣ ሚስተርን «ጎረቤቱ»፣ ቤሩትን የልጅነት ሰፈርሽ ስም በያት። ደብተሩ ቢገኝ የቤተሰብ ወሬ ይመስላል። ደግሞ ልብ በይ፣ ስሙን ስትቀይሪ ታሪኩን መሥራት ጀምረሻል።

አንድ የራሴን ልንገርሽ። አባቴ ባረፈ ክረምት በህልሜ በር ተሸክሞ ይመጣ ነበር። ቤት የሌለው በር። ደጃፌ ላይ ቆሞ «የት ላስቀምጠው?» ይለኛል። መጀመሪያ ለዘመድ አወራሁት። አንዷ «በር ሲሳይ ነው» አለችኝ። ሌላዋ «ሌላ ሰው ሊከተለው ነው» ብላ አንድ ወር እንቅልፍ ነሳችኝ። አንድ ቀን ምርር ሲለኝ ፍቺውን ሁሉ ትቼ በሩን ጻፍኩት። አረንጓዴ ቀለም ነው። የታችኛውን ጣውላ ምስጥ በልቶታል። የቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት ተወትፏል። ወረቀቱ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ያንን ወረቀት አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ በኪራይ የኖርንበት ቤት በር ነው፤ ነፋስ እንዳይገባብን አባቴ የሒሳብ ደብተሬን ገጽ ገንጥሎ የወተፈው። ማንም ፈቺ ይህንን አይነግረኝም ነበር።

ከዚያ አራት ገጽ ታሪክ ሆነ። በር ተሸክሞ ለበሩ የሚሆን ቤት የሚፈልግ ሰው ታሪክ። አምስት ወር ፈጀብኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት መጨረሻ ላይ «ባነንኩ» ይል ነበር። ለወዳጄ አነበብኩላት። ስጨርስ ፊቷ ተለወጠ። «አታለልሽኝ፤ ሰውየውን አምኜው ነበር» አለችኝ። ያንን ቃል አወጣሁት። ታሪኩ ቆመ።

ላንቺም የምለው ይኼው ነው። «በህልሜ አየሁ» አትበይ፣ «ባነንኩ» አትበይ። ህልሙን ደብተሩ ላይ ተይውና ነገሩን ብቻ አምጪው። ልዩነቱን ላሳይሽ። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ትናንት ሌሊት እናቴን በህልሜ አየኋት፣ በጣም ከፋኝ፣ መስታወቱ ስደቴ ይመስለኛል።» ሌላው ደግሞ፦ «እናቴ አክንባሎውን አነሳች። እንፋሎቱ ሲገለጥ የጓዳውን ጣሪያ ምጣዱ ውስጥ አየሁት። ጥላሸቱ ሳይቀር ይታያል። ሰፌዱን አስጠጋችና ‹እንግዲህ ቀስ› አለች።» ሁለተኛው ላይ የጨመርኩት ከራሴ ነው፤ ይቅር በይኝ፣ አንቺ አጥፊና የአንቺን ጻፊ። ግን ከፋኝ የሚል ቃል ሳይኖር ይከፋል አይደል?

ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂው። በእኛ ቋንቋ መስታወት ሁለት ነው። የመስኮቱም መስታወት ነው፣ መልካችንን የምናይበትም መስታወት ነው። ምጣዱ ላይ ያለው የቱ ነው? ያ የጠረግሽው የሳሎኑ ነው ወይስ የሚያሳየው? እኔ አላውቅም። አንቺም ዛሬ ላታውቂ ትችያለሽ። ስትጽፊው እጅሽ ይነግርሻል።

የወንዙንም እንዳትንቂው። ሰው በመከራ ጊዜ ሲጽፍ ደስ የሚለውን ህልም ያፍርበታል፣ የሚያስጨንቀውን ብቻ ቁም ነገር ያደርገዋል። የኛው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎስያን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 የሣለው አንድ ሥዕል አለ፤ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የፍርሃትና የሐሴት የሌሊት በረራ» እንደማለት ነው። ፍርሃትና ሐሴት በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ክንፍ። በረንዳሽ ድረስ የመጣው ወንዝና ምጣዱ ላይ ያለው መስታወት የአንድ ታሪክ ሁለት ገጽ ቢሆኑስ? እናትሽ መስታወቱን ወስዳ ወንዙ ውስጥ ብታጥበውስ? ይህ ሐሳብ ነው፣ ትዕዛዝ አይደለም።

ጩኸቱ አልወጣ ስላለሽ ደግሞ በቁም ነገር ልንገርሽ። ሐኪሞች ተደጋጋሚ ቅዠትን የሚያክሙበት አንድ ዘዴ አለ። ቀን፣ ብርሃን ላይ ሆነሽ ቅዠቱን ትጽፊዋለሽ። ከዚያ የፈለግሽው ቦታ ላይ ትቀይሪዋለሽ፤ መጨረሻውን ወይም መሐሉን፣ እንደፈቀደሽ። አዲሱን በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ዓይንሽን ጨፍነሽ ታይዋለሽ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ጥቃት በደረሰባቸው ሴቶች ላይ ሞክሮት ቅዠታቸው መቀነሱን አሳይቷል። በከባዱ አትጀምሪ፣ ቀለል ካለው ጀምሪ። አንቺ ህልሙ ውስጥ ድምፅ እንዲኖርሽ ስታደርጊ ምን ትያለሽ? «እማዬ ተይው፣ ያቃጥልሻል» ነው ወይስ «እኔ ልያዝልሽ»? እሱን ጻፊ።

ነገር ግን ህልሙ ፍንዳታውን ራሱን፣ እንደነበረው፣ እየደጋገመ የሚያመጣብሽ ከሆነ፣ ሌሊት እያላበሽ የምትነቂ፣ ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣሽ፣ ወይም መኖር ያስጠላሽ ከሆነ፣ ደብተር ብቻውን አይበቃም። ሊባኖስ ውስጥ 1564 ላይ ደውለሽ የሚያዳምጥ ሰው ታገኛለሽ፤ በዓረብኛ ያናግሩሻል። አትፈሪ። በዚያች አገር ብቻሽን ተዘግቶብሽ ከቦምብ የተረፍሽ ልጅ ነሽ። መታከም መድከም አይደለም።

ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ነው ያልሽውን አላነሳሁትም። ማንሳት አላስፈለገኝም። ፊደሉን ታውቂያለሽ፤ ምጣድ፣ ሰፌድና አክንባሎ የት ቦታ እንደሚቀመጡ ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ደብዳቤሽ ውስጥ እናትሽ ትጋግራለች፣ አክንባሎ ታነሳለች፣ መስታወቱን ታወጣለች። አንድም ቃል አትናገርም። የአንቺ ድምፅ እንዳልወጣ ነግረሽኛል፤ የእሷ ግን? መስታወቱን ስታየው ደነገጠች? ወይስ ሁልጊዜ የምትጋግረው እሱን ይመስል ዝም ብላ አወጣችው? በሚቀጥለው ደብዳቤሽ እሱን ንገሪኝ።

እህትሽ